ጨርቅ ሁሉ አንድ አይዶለም

የእንግሊዝን ቋንቋ በሚያስተምሩና ከእርሱም በሚተረጕሙ ሰዎች ዘንድ አንድ ክፉ ልማድ ሥር ሰዶአል፤ ይኸውም ለተቀራረቡ ቃላት ሁሉ አንዲት የአማርኛ ቃል ሰጥቶ ማለፍ ነው። ተማሪው ክሎዝ ምንድር ነው ብሎ ቢጠይቅ ጨርቅ ነው ይሉታል፤ ፋብሪክ ቢል ጨርቅ ነው ይሉታል፤ ቴክስታይል ቢል፥ ማቴሪያል ቢል፥ ያው ጨርቅ ነው ይሉታል። ማተር፥ ሰብስታንስ፥ ስተፍ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ነገር ነው ብለው ያሰናብቱታል። ይህ ሰባት በር ያለውን ቤት በሁለት መክፈቻ ክፈት እንደ ማለት ነው።

ነገሩ ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ሰነፍ መምህር በየዘመኑ አለና። ዳሩ ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ለስንፍናው ጠበቃ ተነሥቶለታል። አንደኛው ወገን «እንግሊዞች ራሳቸው እነዚህን ቃላት አይለዩአቸውም፤ ሁሉም አንድ ስለ ሆነ አፍህ ላይ የመጣውን ተናገር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ከሁሉ የረዘመውንና የከበደውን ምረጥ፥ የተማረ ሰው ያሰኝሃል» እያለ ይመክራል። የፊተኛው ምክር ቃልን ይገድላል፤ የኋለኛው ተናጋሪውን መሳቂያ ያደርገዋል። ልብሴ ቈሽሾአል ለማለት ፈልጎ ቴክስታይሌ ቈሽሾአል የሚል ሰው፥ እንግሊዙ በአክብሮት ዝም ቢለው እንኳ፥ የሸማኔ ቤቱ በሙሉ ቈሸሸብኝ ያለ ያህል ነው።

ካህናት አባቶቼ ይህን ለማስተዋል እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ ከቅኔ ቤት ያውቁታልና። ግስ የሚያወርድ ተማሪ ለብሰ፥ ተከድነ፥ ተዐጽፈ የሚሉትን ይማራል። ሦስቱም ስለ መልበስ ይነገራሉ። ነገር ግን ተከድነ የመሸፈንን ጠባይ ስለ ያዘ ከልብስ አልፎ ወደ ቤት ክዳን ይሄዳል፤ ተዐጽፈ መጐናጸፍን ያሳያል፤ ለብሰ ግን ከሁሉ ሰፍቶ ሥጋን ለበሰ እስከ ማለት፥ እስከ ምሥጢር ድረስ ይደርሳል። አንዱን በሌላው ቦታ የተከለ ተማሪ ቅኔው ቤት ቢመታለትም ምሥጢሩ ይፈርስበታል። ዋሸራም ቢሆን፥ ጎንጅም ቢሆን፥ ዋድላም ቢሆን፥ ይህነን «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የሚያሳልፍ መምህር የለም። ታዲያ ለግእዝ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለእንግሊዝኛ ሲሆን ምነው ዐይናችንን ጨፈንን?

ከቃላቱ የትውልድ ሐረግ እንነሣ። ቴክስታይል የሚለው ቃል የመጣው መሸመን ከሚለው የሮማይስጥ ግስ ነው። ሮማውያን ከዚሁ ግስ ቴክስት የሚለውን፥ የተጻፈውን ንባብ ማለት፥ አወጡ፤ ጽሕፈትን እንደ ሸማ ድርና ማግ ያለው አድርገው አይተውታልና። (ከዚህ ተነሥቶ እኛም ድርሰትን ያገኘነው ከድር ነው የሚል ቢመጣ አትስሙት፤ ድርሰት ከደረሰ ነው።) እንግዲህ ቴክስታይል ነገሩን ከሸማኔው፥ ከነጋዴውና ከመንግሥት መዝገብ ወገን ሆኖ የሚያይ ቃል ነው። አሜሪካኖች በ1958 ዓመተ እግዚእ ሻጮች የጨርቁ ክር ከምን እንደ ተሠራ በምልክት እንዲገልጹ የሚያስገድድ ሕግ ሲያወጡ በርእሱ ላይ የጻፉት ቴክስታይልን እንጂ ክሎዝን አይዶለም። እንደ እውነቱ ከሆነ ለዚህ ቃል አማርኛ መልካም ዳኝነት ሰጥቶአል፤ ጨርቃ ጨርቅ ብሎታልና። ቅጠላ ቅጠል ሲባል አንድን ቅጠል እንዳይዶለ፥ ቁሳቁስም ሲባል አንድን ዕቃ እንዳይዶለ፥ ጨርቃ ጨርቅም ወገኑን በሙሉ ይሰበስባል። ይህን ያገኘው ሰው ማን እንደ ሆነ ባይጻፍም ቃልን መመዘን የሚያውቅ ሰው ነበረ።

ፋብሪክ ግን ሌላ ሐረግ አለው። የሮማይስጡ ፋብሪካ የአንጥረኛና የጠራቢ ሥራ፥ የሥራውም ቤት ማለት ነበረ። እኛ ፋብሪካ የምንለውን ቃል ከኢጣልያንኛ ስንቀበል የቤቱን ትርጕም ይዘን ቀረን፤ እንግሊዞች ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል ሲቀበሉት የተሠራውን ነገር፥ ይልቁንም የተገነባውን ሕንጻ ለማለት ያዙት። ጨርቅን ፋብሪክ ማለት የጸናው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። የቀደመውም ትርጕም አልሞተም፤ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የቤተ ክርስቲያኑ ፋብሪክ ሲባል ግድግዳው፥ ጣራውና ምሰሶው ማለት ነው። እንግዲህ ከእኛ ወገን አንድ ዲያቆን ወደዚያ አገር ሄዶ ለፋብሪክ ገንዘብ ይሰብሰብ የሚል ማስታወቂያ ቢያነብ፥ በአንደኛው መምህር ትምህርት ለመጋረጃ የሚሆን ግምጃ ሊገዙ ነው ይላል፤ የፋብሪካን ነገር ያሰበ እንደ ሆነ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ የሸቀጥ መሥሪያ ሊያቆም ነው ይላል። እነዚያ ግን የሚያፈሰውን ጣራቸውን ሊጠግኑ ነው። አንዲት ቃል ሦስት መንገድ ስትሄድ «ጨርቅ ነው» ብሎ ማስተማር ተማሪውን ከመንታ መንገድ ላይ ዐይኑን ሸፍኖ መተው ነው።

ክሎዝ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንታዊ የእንግሊዝ ቃል ነው፥ ከሮማይስጥም አልተበደረም። ብዙ ስሕተትም የሚደርሰው በእርሱ ነው። ክሎዝ በመጠን ሲነገር አይቈጠርም፤ ጨርቁ ራሱ ነው። አንድ ክሎዝ ሲሉ ግን ጠረጴዛ የሚወለወልበት ቍራጭ ነው። ብዙ ቍራጮች ሲሆኑ ክሎዝስ ይባላሉ። ክሎውዝስ ሲሉ ደግሞ ሌላ ሆነ፤ የሚለበስ ልብስ ነው፥ ከቶ በአንድ ቍጥር አይነገርም። እንግሊዞች ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አድርገው የሚነፉት ድምፅ በፊደላችን ስለሌለ ሁለቱ በእኛ ጽሕፈት መንትያ መስለው ይታያሉ፤ በእነርሱ ጽሕፈት ግን በአንዲት ፊደል ይለያያሉ።

ይህች አንዲት ፊደል ቀላል እንዳትመስል ወደ ወንጌል እንሂድ። በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ምዕራፍ 2 ሕፃኑ የተጠቀለለበትን፥ በዮሐንስም ምዕራፍ 20 በመቃብሩ የተገኘውን የተልባ እግር ጨርቅ ክሎውዝስ በሚለው ቃል ጻፈው፤ በዚያ ዘመን ቃሉ ሁለቱንም ይይዝ ነበርና። ከዚያ በኋላ ቃሉ ጠብቦ ለሚለበስ ልብስ ብቻ ሲሆን፥ በ1946 የታተመው የአሜሪካ ሊቃውንት የታረመ አዲስ ኪዳን በሁለቱም ስፍራ ቃሉን ለውጦ ክሎዝስ አለው። ይህንን ያደረጉት ለቃል ጨዋታ አይዶለም። የዛሬ ዘመን አንባቢ በባዶው መቃብር ውስጥ የተቀመጠ ቀሚስና እጀ ጠባብ እንዳይታየው ነው፤ በዚያ የነበረው መግነዝ ነውና። እንግሊዞች ራሳቸው አይለዩአቸውም የሚለው ጠበቃ ለዚህ ምን ይመልሳል?

በክሎዝ ነገር ላይ ካህናትን የሚመለከት ሌላም አለ። እንግሊዞች ካህንን የክሎዝ ሰው ይሉታል። ቀድሞ በማንኛውም ሙያ የሚለበሰው መለያ ልብስ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ኋላ ግን ለካህናት ቀረ። ፋብሪክን፥ ቴክስታይልን ወይም ማቴሪያልን በዚህ ቦታ ያስገባ ሰው ካህኑን ነጋዴ ያደርገዋል፤ የልብስ ነጋዴነት ነውር ባይሆንም ክህነት ግን አይዶለም።

ስለ ስተፍ ብዙ አልልም። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ከሚያመለክተው ከስታፍ ጋር ስለሚያምታቱት፥ ሠራተኛውን ሁሉ ኮተት ሲያደርጉት ይሰማል። ስተፍ ከጥንት የፈረንሳይ ቃል የመጣ ሆኖ በ1611ዱ መጽሐፍ ቅዱስ በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 10 ሳኦል የተሸሸገበት ጓዝ በእርሱ ተጽፎአል። በእንግሊዝ ችሎት ደግሞ የተራው ጠበቃ ካባ ስተፍ ከሚባል የሱፍ ጨርቅ ይሰፋል፤ በማዕርግ ከፍ ያለው ጠበቃ ግን ሐር ስለሚለብስ፥ ማዕርጉን መቀበል ራሱ «ሐር ወሰደ» ይባላል። ዛሬ በመንገድ ላይ ስተፍ ሲሉ ስሙን ለመጥራት ያልተጨነቁለትን ነገር ሁሉ ማለታቸው ነው። አማርኛ ለዚህ ጓዝም፥ ኮተትም፥ ዕቃም እያለ «ነገር» ብሎ ማለፍ ምን ችግር ገጥሞን ነው?

ለተከራካሪዎቼ አንድ እውነት ልስጣቸው፤ ሚዛን ማዛባት አይገባምና። በልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ ለተዘረጋው ብትን ጨርቅ እንግሊዞች ክሎዝም፥ ፋብሪክም፥ ማቴሪያልም ይሉታል፤ በዚያ ቦታ አንዱ በሌላው ቢገባ የሚቈጣ የለም። እዚያም ቢሆን ግን ሹራብ የተሠራበትን ፋብሪክ ይሉታል እንጂ ክሎዝ እምብዛም አይሉትም፤ ክሎዝ የሸማኔውን ድርና ማግ ያስባልና። ማቴሪያልም የሚያየው ወደ ፊት ነው፤ ገና የሚሠራበት ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለቀሚስ እንደሚሆን ሁሉ ለድልድይም፥ ለመጽሐፍም፥ ለስብከትም ማቴሪያል ይሆናል። ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ ጓሮ ተገናኝተው ቢያወጉ ቤታቸው አንድ ነው አያሰኝም። ተከራካሪዎቼ ያዩት ጓሮውን ነው።

ከልብስ ወደ ነገር ባሕርይ ስንወጣ ጥፋቱ ይከብዳል። የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማተር የሚሉት ክብደት ኖሮት ቦታ የሚይዘውን ቁስ ሁሉ ነው። ሰብስታንስ የሚሉት ደግሞ ከዚያ ውስጥ የታወቀ አቋም ያለውን አንዱን ነው፤ ውሃ፥ ጨው፥ ወርቅ እያንዳንዳቸው ሰብስታንስ ናቸው። እንጨት ግን ብዙ ነገር የተቀላቀለበት ስለ ሆነ በጠበቀው አነጋገር አንድ ሰብስታንስ አይባልም፤ ለአናጢው ግን ማቴሪያል ነው። ደግሞም ጠንቃቃ ምስክር ወይም ፖሊስ ምንነቱን ያላወቀውን ዱቄት «ነጭ ሰብስታንስ» ይለዋል፤ ዱቄት ነው ብሎ እንዳይፈርድ። በ1970 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን አደንዛዥ ዕፆችና መድኃኒቶች በዚሁ ስም ስለ ጠራቸው፥ በዚያ አገር የሚማሩ የእኛ ልጆች ቃሉን ከትምህርት ቤት የሚሰሙት አንድም ከኬሚስትሪ መምህር ነው፥ አንድም ተጠንቀቁ ከሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በእሑድ ቀን ደግሞ በእንግሊዝኛ የሃይማኖት ጸሎት ውስጥ ወልድ ከአብ ጋር አንድ ሰብስታንስ ነው ሲባል ይሰማሉ። ልጁ ምን አስቦ ይመለሳል? ጥያቄዬ የቀልድ አይዶለም።

የዚህ ቃል መከራ አዲስ አይዶለምና የአባቶችን ዘመን ማንሣት ይገባል። ሰብስታንስ በቁሙ ከታች የቆመ ማለት ነው። የጽርዑ ሂፖስታሲስም በቁሙ ያው ነው። ነገር ግን ሮማውያን ቃላቸውን ለባሕርይ ሲያውሉት፥ ከጽርዕ ሊቃውንት ብዙዎቹ ሂፖስታሲስን ለአካል አዋሉት። ስለዚህ እነዚህ ሦስት ሂፖስታሲስ ሲሉ ለእነዚያ ሦስት ባሕርይ ያሉ መሰላቸው። በ362 ዓመተ እግዚእ በእስክንድርያ በተደረገው ጉባኤ ቅዱስ አትናቴዎስ ሦስት ሂፖስታሲስ የሚሉትንም፥ አንድ ሂፖስታሲስ የሚሉትንም አስጠየቃቸው። የፊተኞቹ ሦስት አካላት ማለታቸው፥ የኋለኞቹም አንድ ባሕርይ ማለታቸው ሆኖ ተገኘ፤ ሃይማኖታቸው አንድ ሳለ በአንዲት ቃል ተለያይተው ነበር። እንግዲህ ታላቁ አትናቴዎስ «ሁሉም አንድ ነው፥ አፋችሁ ላይ የመጣውን ተናገሩ» አላለም። ምን ማለትህ ነው ብሎ ጠየቀ።

የእንግሊዝኛውም መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሸክም ተሸክሞአል። ጽርዑ በዕብራውያን ምዕራፍ 1 ሂፖስታሲስ ያለውን የ1611ዱ ትርጕም አካል በሚለው ቃል፥ ፐርሰን ብሎ ጻፈው፤ ያንኑ ቃል በምዕራፍ 11፥ ስለ እምነት በተነገረው ስፍራ፥ ሰብስታንስ አለው። በሉቃስ ምዕራፍ 15 ደግሞ የጠፋው ልጅ የበተነው ገንዘብ ሰብስታንስ ተባለ። ይህ የመጨረሻው የሚያስደንቅ ነው፤ ጽርዑ በዚያ ስፍራ ኡሲያ ይላልና፥ የ325ቱ የኒቅያ ጉባኤ ወልድን ከአብ ጋር ያስተካከለበት ሆሞኡሲዮስ የወጣው ከዚሁ ቃል ነው። ለእኛ ሊቃውንት ግን እንግዳ አይሆንባቸውም፤ በእኛም ጉባኤ ቤት ገንዘብ የሚለው ቃል ከከረጢቱ ብር ተነሥቶ የባሕርይ ገንዘብ እስከ ማለት ይወጣልና። እንዲሁም ባሕርይ ራሱ አንድ ጊዜ መለኮትን፥ አንድ ጊዜ እሳትንና ውሃን ነፋስንና መሬትን፥ አንድ ጊዜ የሰውን ጠባይ፥ ዕንቈ ባሕርይ ሲሆን ደግሞ ከባሕር የሚወጣውን ዕንቍ ያመለክታል። ይህን ሁሉ ሳያምታታ የሚያስተምር መምህር ያለው ሕዝብ ለሰብስታንስ አራት ትርጕም ለመያዝ ምን ያንሰዋል?

በዚህ ቦታ ማቴሪያልን ያስገባ ደግሞ ሌላ ገደል ገባ። ሰብስታንስም ማቴሪያልም ነገር ናቸው ብሎ የተማረ ልጅ ወልድ ከአብ ጋር አንድ ማቴሪያል ነው ብሎ ቢጽፍ፥ እግዚአብሔርን ግዙፍ፥ ከቁስ የተሠራ አደረገው። ይህን የሚጽፈው መናፍቅ ሆኖ አይዶለም፤ መምህሩ ሁለቱን ቃላት በአንድ ከረጢት ስለ ሰጠው ነው። በእጅ ስልክ የሚተረጕመውም መሣሪያ ከዚህ አያድነውም፤ መሣሪያው ተጠያቂ አይዶለምና።

ከተማ ሰዎች ወንድሞቼ ይህ የካህናት ጕዳይ ነው ብለው እንዳይተዉት የእነርሱንም ላመልክት። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ ማቴሪያል የሚባለው ፍሬ ነገር ዕቃ ወይም ጨርቅ አይዶለም፤ ውሳኔውን ወደዚህ ወይም ወደዚያ ሊያዘነብል የሚችል ከባድ ነገር ማለት ነው። መድን የሚገባ ሰው ማቴሪያል የሆነውን ነገር ከሸሸገ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ወደ እነዚያ አገሮች የሄደ ወገናችን ማቴሪያል የሆነ ነገር ደብቀሃልን ተብሎ በጽሑፍ ሲጠየቅ፥ የተሸሸገ ዕቃ የለኝም ብሎ በቅን ልብ ቢመልስ፥ ቅንነቱ አያድነውም።

መምህራንና መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሆይ፥ የምንለምናችሁ ትልቅ ነገር አይዶለም። አማርኛ ድኻ ነው አትበሉን። ጣቃ፥ ብትን ጨርቅ፥ ሸማ፥ ግምጃ፥ ከፋይ፥ አቡጀዲ፥ መግነዝ የሚል ቋንቋ በጨርቅ ድኻ ሊሆን አይችልም። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ብሎ የሚመርቅ፥ ጨርቁን ጥሎ አበደ ብሎ የሚያዝን ሕዝብ ጨርቅ የሚለው ቃል የት ድረስ እንደሚሄድና የት እንደሚቆም ያውቃል። ቴክስታይልን ጨርቃ ጨርቅ፥ በክንድ የሚለካውን ፋብሪክ ብትን ጨርቅ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ፋብሪክ ሕንጻ፥ ክሎውዝስን ልብስ በሉልን። ሰብስታንስ ለኬሚስትሪው ንጥረ ነገር፥ ለሕጉ ዕፅ፥ ለሉቃስ ገንዘብ፥ ለሃይማኖት ጸሎት ባሕርይ መሆኑን በአራት መስመር ጻፉልን። አራት መስመር ቀለም አያከስርም።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ለልጆቻቸው ሲሉ ጸሎተ ሃይማኖትን ወደዚያ ቋንቋ ማስገባት ግድ ሆኖባቸዋል፤ የቃል ምርጫውም ከእጃቸው ላይ ወድቆአል። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ተርጓሚዎች በእንግሊዝኛው ቅዳሴአቸው ብዙ ዓመት «በመኖር አንድ» የሚል ትርጕም ያለውን ቃል ሲጠቀሙ ቈይተው በ2011 ወደ ኮንሰብስታንሻል ተመለሱ። የግብጽ ወንድሞቻችን በእንግሊዝኛ ኤሰንስ የሚለውን ቃል ይዘዋል፤ በእኔ አስተያየት ለልጅ ጆሮ ከሰብስታንስ ይልቅ ይህ ይሻላል፥ ከመድኃኒት ቤትና ከፖሊስ መዝገብ እጅግ የራቀ ነውና። የእኛ ግእዝ ግን ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አልሄደም፤ ዕሩይ ብሎ መተካከልን ተናግሮ መተካከሉን በመለኮት አጸናው። እንግዲህ ከግእዙ ወደ እንግሊዝኛው እተረጕማለሁ የሚል ሰው ሰብስታንስን ከመጻፉ በፊት፥ ቃሉን ከፊቱ ካለው ግእዝ አገኘው ወይስ ከጎረቤት ቅጂ ላይ ገለበጠው፥ ይህነኑ ይመልስልን።